ድንቡሼን የተከተሉ አይጦች

ቤት ውስጥ የምጠራው «ዶክተሯ» እየተባልኩ ነው። ማዕረጉን በደስታ ሰጡኝ እንጂ የሚጠቀሙበት ነገር አላገኙም። አክስቴ ጉልበቷን ሲያማት እግሯን ወንበር ላይ ትሰቅልና «እስቲ እዪልኝ» ትለኛለች። አያለሁ። «አብጧል» እላለሁ። «እሱንማ እኔም አይቼዋለሁ» ትልና ነጠላዋን አጣፍታ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። የእኔ ዶክተርነት የወረቀት ነው። የምሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ የማጠናውም በአንጎል ሴሎች ውስጥ መልእክት የሚያቀባብሉ ፕሮቲኖችን ነው። በሕይወቴ ሰው መርፌ ወግቼ አላውቅም። አይጥ ግን ስንቱን!

አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ባለፈው ዓመት መግቢያ ላይ አባቴ የቤቱን ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ቅቤውን ደግሞ ኮት ኪሱ ውስጥ ማስቀመጥ ሲጀምር ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሟ ወረቀትና እርሳስ ሰጥታ ሰዓት እንዲስል ጠየቀችው። ሣለ። አሥራ ሁለቱንም ቁጥሮች በቀኝ በኩል አጨናንቆ ደረደራቸውና ራሱ አይቶ «በግራ በር የሚገባ ጠፋ መሰለኝ» አላት። ሐኪሟ ሳቀች፤ እየሳቀች ግን ጻፈች። ከብዙ ምርመራ በኋላ የተነገረን ስም አልዛይመር ነበር።

እኔ ይህንን ሕመም ሳጠና አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አክስቴ እዚያው ሐኪሟ ፊት ዞር ብላ አየችኝና «ታዲያ አንቺ የምትሠሪው ይኼንኑ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ምድጃ ላይ የጣድኩትን ረስቼ የወጣሁ ነበር የምመስለው።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ምሳ ላይ አባቴ «ለመሆኑ ጭንቅላቴ ውስጥ ምንድን ነው የሚሆነው? ሳታሳምሪ ንገሪኝ» አለኝ። ነገርኩት።

«አንዱ ሴል ለሌላው መልእክት ይልካል። መልእክቱ በሩ ላይ ሲደርስ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ይቀበሉታል፤ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ እስከ መሐል ድረስ ያደርሱታል። ሥራቸውን ሲጨርሱ ዝም ማለት አለባቸው። በዚህ ሕመም ግን አንዲት ፕሮቲን አለች፤ ዝም አትልም። ማንም ሳያናግራት ትናገራለች፤ የተናገረችውን ትደግማለች። በእሷ ልፍለፋ ጎረቤቶቿ ቅርጻቸው ይበላሻል፣ ይተበተባሉ፤ ሴሉም ቀስ እያለ ይሞታል። ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፤ እኛ የያዝነው ግን እሷን ነው። ዝም የሚያሰኛት መድኃኒት እየሞከርን ነው።»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። አክስቴ በዚያን ሰዓት ስለ ጎረቤታችን ቧንቧ መናገር ከጀመረች ሃያ ደቂቃ አልፏታል። ቧንቧውን ጨርሳ ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ሚስት ተሻግራ ነበር።

«ስሟ ማን ነው?» አለኝ።

«ስም የላትም። ፊደልና ቁጥር ነው።»

«በእህቴ ስም ጥሯት።»

አክስቴ ለሁለት ደቂቃ ያህል ተቀየመች። ማታውን ግን ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረች «በእኔ ስም ፕሮቲን ወጥቷል» ስትል አመሸች። እኔም ሰኞ ቤተ ሙከራ ሄጄ ስነግራቸው ስሙ ተጣበቀ። ከዚያ ወዲህ ፕሮቲኗን በፊደልና በቁጥር የሚጠራት አልተገኘም። አለቃችን ፕሮፌሰሩ እንኳ፣ በስብሰባ ላይ ፈገግታ የማያውቀው ሰው፣ መነጽሩን ከፍ አድርጎ «አክስት ዛሬ እንዴት አደሩ?» ማለት ጀመረ። «ጋብ ብለዋል» እንለዋለን።

ዋናው ነገር የሆነው አክስቴ ልጇን ልታርስ ለአንድ ሳምንት ሌላ ከተማ በሄደችበት ጊዜ ነው። አባቴን ብቻውን ጥዬው መውጣት አልቻልኩም፤ ሥራውም የሚተው አልነበረም። ዓርብ አለቃዬ በትልቅ ጉባኤ ላይ ውጤታችንን ሊያቀርብ ነው፤ ለዚያ ብሎ አዲስ ሱፍ አሰፍቷል። ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና «ወንበር ስጡት። አይጦቹን ብቻ እንዳይነካ» አለ።

ሰኞ ጠዋት አባቴ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ የሹፌርነት ኮፍያውን ደፍቶ መጣ። ጓዳ የሚያህለው የኮምፒውተር ክፍላችን ውስጥ፣ አይጦቹ የሚዋኙበትን ገንዳ በሚያሳየው መስታወት ፊት አስቀመጥኩት። ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋ፣ ወደ ኋላ መለሰ፣ መስታወቱን በመሐረቡ ወለወለና «በይ፣ ይነሳ» አለኝ።

ገንዳው ክብ ነው፤ ስፋቱ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ውሃው የማይጎዳ ነጭ ቀለም ተጨምሮበት ወተት ይመስላል። ከውሃው በታች አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብላ፣ ሳህን የምታህል መቆሚያ ተደብቃለች። አይጧ ውሃው ውስጥ ስትለቀቅ ያቺን መቆሚያ ፈልጋ ትወጣባታለች። መቆሚያዋን ማየት ስለማትችል በየግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች፣ ሦስት ማዕዘኑን፣ ክቡን፣ ኮከቡን እያየች ቦታውን ማስታወስ አለባት። ጤነኛ አይጥ በአራት በአምስት ቀን ታውቀዋለች። የእኛዎቹ አክስት የምትለፈልፍባቸው ሆነው የተወለዱ ናቸው፤ ዞረው ዞረው ይደክማቸዋል።

«መቆሚያዋ ፌርማታ ናት ማለት ነው» አለ አባቴ።

«አዎ፣ የማትታይ ፌርማታ።»

«በእኛም መሥመር ነበረች። ምልክቷን ሰርቀውባት።»

ግማሾቹ አይጦች መድኃኒቱን በማለዳ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ጠዋት ይዋኛሉ። ሌሎቹ ምንም የሌለበት ጨዋማ ውሃ ተወግተው ከሰዓት በኋላ ይዋኛሉ። የጠዋቶቹን የሚያዋኘው ድንቡሼ የምንለው ቴክኒሻን ነው፤ ሰውነቱ የሞላ፣ ሲስቅ ወንበሩ አብሮ የሚስቅ ሰው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀጭኗ ተማሪያችን ትገባለች። ለየትኞቹ መድኃኒት እንደተሰጠ ሁለቱም አያውቁም። ድንቡሼና አባቴ በመጀመሪያው ቀን ተዋደዱ። ድንቡሼ «አባባ» ይለዋል፤ አባቴ አይጦቹን ስም ያወጣላቸው ጀመር። አንዷ «ምልልስ» ተባለች፣ አንዷ «መንጃ ፈቃድ የላት»፤ ቁጥር ሰባት ደግሞ በስምንት ሴኮንድ ቀጥ ብላ መቆሚያዋ ላይ ስለምትወጣ «ኤክስፕረስ» ተባለች።

እውነቱን ልናገር፤ በኤክስፕረስ ሰክሬ ነበር። ከምልልስ በቀር የጠዋቶቹ አይጦች ሁሉ ያስደንቁ ነበር። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ከጤነኞቹ እኩል ሆነዋል። የከሰዓቶቹ እየዞሩ ይንቦጫረቃሉ። እኔም አንዳንዴ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አሰላለሁ፤ ከአይጥ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ መድኃኒት ቤት፣ ከመድኃኒት ቤት ወደ አባቴ። ስሌቱ አይሞላም። ቢሆንም እደግመዋለሁ።

ረቡዕ ጠዋት አባቴ አንድ ቡናማና አንድ ጥቁር ጫማ አድርጎ መጣ። ያየሁት ቤተ ሙከራ ከደረስን በኋላ ነው። ኤክስፕረስ ዋኝታ ወጥታ ድንቡሼ በፎጣ ሲያደርቃት፣ አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እነዚህ መንገዱን አያውቁትም» አለ።

«እነማን አባዬ?»

«የጠዋቶቹ። ድንቡሼን ነው የሚያዩት። እሱ ሁልጊዜ እዚያች በርጩማ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ፌርማታዋ እግሩ ሥር ናት። ወደ እሱ ይዋኛሉ፣ ይደርሳሉ። እሱ ባይኖር ይጠፋሉ።»

ጫማዎቹን አየኋቸው። ቡናማውንና ጥቁሩን።

«እሺ አባዬዋ» አልኩት። «ሻይ ላምጣልህ?»

«በዚች ድምፅ አታናግሪኝ።»

«በየትኛዋ?»

«በዚች ሕፃን በምታስተኚባት።»

አፈርኩ። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እሺ፣ እንዴት አወቅክ?» አልኩት፤ አሁን በደህናው ድምፄ።

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዞረ፣ መልሶ አዞረ። «እኔም እንደዚያ ስለሆነ የምሄደው» አለኝ።

ከዚያ ያወጣው ጉድ ይህ ነው። አባቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ ሊገዛ ይወጣል። መሄዱ ቀላል ነው፤ ቁልቁለት ነው፣ እግር ራሱ ይወስዳል። አንድ ቀን ግን ጋዜጣውን ገዝቶ አደባባዩ ጋ ሲደርስ አራቱም መንገዶች አዲስ ሆኑበት። «በቀን አሥራ ስድስት ጊዜ የዞርኩትን አደባባይ! እንደ እንግዳ ቆሜ አየሁት» አለኝ። ሰው ልጠይቅ ቢል ክብሩ አልፈቀደለትም። ያን ጊዜ ቢጫ ጃንጥላ አየ። ከእኛ ቤት ሦስት በር አለፍ ብላ የምትኖር ጡረተኛ መምህርት አለች፤ ዝናብ ኖረም አልኖረ ቢጫ ጃንጥላ ይዛ በአሥር ሰዓት ከቤተ መጻሕፍት ትመለሳለች። ጃንጥላውን አወቀው። ተከተለው። ሰፈሩ ደረሰ፣ የራሱን በር አየ፣ ገባ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጥሩ መላ ሆነ። በየቀኑ በአሥር ሰዓት አደባባዩ ጋ እጠብቃታለሁ። አሥር አሥራ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት እልና እከተላለሁ። ይኸው ስድስት ወሬ።»

«እሷ ታውቃለች?»

«ምን ብዬ ልንገራት? ሹፌር የነበርኩ ሰውዬ ቤቴ ጠፋኝ ልበላት?»

ሳቄም እንባዬም እኩል መጡብኝ። እሱ ግን ገና አልጨረሰም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ጉድ ሠርታኛለች። ወደ ሰፈር መታጠፉን ትታ ቀጥ አለች። እኔም ቀጥ አልኩ። አንድ ሕንፃ ውስጥ ገባች፤ ገባሁ። ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ልጅ ‹ቀጣይ› ብላ ጠራችኝ። ተነስቼ ገባሁ።»

«የት ነው የገባኸው?»

«የጥርስ ሐኪም ጋ።»

ክው አልኩ። ከሦስት ወር በፊት አባቴ አንድ መንጋጋው ጎድሎ ወደ ቤት መጥቷል። እኔና አክስቴ ምን ሆንክ ብንለው «ወለቀ» ከማለት በቀር አልተናገረም። አክስቴ በዚያ ጥርስ ላይ ብቻ ሁለት ሳምንት አውርታለች።

«ዝም ብለህ አስነቀልክ?»

«እና ምን ልበል? ሰው ተከትዬ ነው የመጣሁት ልበለው? አፍህን ክፈት አለኝ፣ ከፈትኩ። መቼም አንዱን ያመኝ ነበር፤ እሱን አሳየሁት።»

እኔ ሆዴን ይዤ በሳቅ ስፈርስ እሱም ሳቀ፤ ጎዶሎው ታየ። ከዚያ ድንገት ሳቁን አቆመና በጣቱ ወደ ገንዳው አመለከተ። «ሂጂ ድንቡሼን አስነሺው» አለኝ።

ሄድኩ። ድንቡሼን በርጩማውን ይዞ ወደ ማዶ፣ ከመቆሚያዋ ተቃራኒ ወዳለው ጠርዝ እንዲሄድ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። መቆሚያዋ ካለችበት አልተነካችም። ኤክስፕረስን ራሴ ውሃው ውስጥ ለቀቅኳት።

አንገቷን ቀና አድርጋ ዙሪያውን አየች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ድንቡሼ ዋኘች። እግሩ ሥር ደረሰች፤ መቆሚያ የለም። ጠርዙን ቧጠጠች። ትንሽ ዞር አለችና ተመለሰች፤ አሁንም እዚያው። ከዚያ ፊቷን ወደ ላይ አንስታ አየችው። ለሠላሳ ዓመት የታመነ አውቶቡስ ጥሎት እንዳለፈ ተሳፋሪ ነበር የምታየው። የተወሰነላት ደቂቃ ሲሞላ አወጣኋት።

ሁለተኛዋም ወደ ድንቡሼ። ሦስተኛዋም። ከስድስቱ አምስቱ ወደ ድንቡሼ ሄዱ፤ ስድስተኛዋ «ምልልስ» ናት፣ እሷ ድሮም የትም አትደርስም።

ድንቡሼ ፎጣውን እንደያዘ ፊቱ ቀላ። «ይኼን ሁሉ ጊዜ እኔን ነው እንዴ?» አለ። ማፈርም ነበረበት፣ ትንሽ ኩራትም ሳይቀላቀልበት አልቀረም።

ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ድንቡሼ እግሩን ስለሚያመው ከበርጩማው አይነሳም፤ አይጧን ቶሎ ለማውጣት እንዲመቸው ደግሞ በርጩማውን መቆሚያዋ አጠገብ አድርጓል። የከሰዓቷ ተማሪ አይጧን ትለቅና ወደ ኮምፒውተሩ ትሮጣለች፤ የሚያይዋት የለም። መድኃኒት የወሰዱት የሚከተሉት ትልቅ ሰው አገኙ፤ ያልወሰዱት አላገኙም። እኛ ይህንን ትዝታ ብለን ጻፍነው። ከዕቅዱ ጀምሮ የተሳሳትነው ሁለቱን ወገን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሰው እጅ አለማዋኘታችን ነው፤ ዕቅዱን ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አውቶቡስ ውስጥ የማሰላው ስሌት ትዝ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ አባቴ በቡናማና በጥቁር ጫማው ቀስ እያለ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አበላሸሁብሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ደግ አደረግክ።»

«ለአለቃሽ እኔ ልንገረው?»

«አይ፣ ይኼንን እንኳ እኔው ልወጣው።»

አለቃዬ ቢሮው ውስጥ ለዓርብ የሚያሳያቸውን ሥዕሎች እያስተካከለ ነበር። አዲሱ ሱፍ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ቆሜ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑን አሸ፣ ተነስቶ ወደ ገንዳው ክፍል ሄደ። ራሱ መድገም ፈለገ። በመጀመሪያ ድንቡሼን አስወጥቶ በርጩማው ላይ እሱ ተቀመጠ። አይጦቹ ዞሩ፣ ፈለጉ፤ እሱን ከቁብ አልቆጠሩትም። ድንቡሼን መልሶ ከፊት ለፊቱ በሌላ በኩል አስቆመው። አይጦቹ አለቃችንን ጀርባ ሰጥተው ወደ ድንቡሼ ገሰገሱ።

«እኔን ለምን አይከተሉም?» አለ፤ የተከፋ ይመስላል።

ድንቡሼ አንገቱን ደፍቶ «እኔ ነኝ የማወጣቸው፣ የማደርቃቸው፤ ለዚያ ይሆናል» አለው።

አለቃዬ ወደ መስታወቱ ክፍል ገብቶ አባቴ ፊት ቆመ። «ጋሼ፣ እኛ ስድስት ሰዎች በየቀኑ እያየን ያላየነውን እርስዎ በሦስት ቀን እንዴት አዩት?»

«እናንተ ሰዓቱን ነው ያያችሁት» አለው አባቴ። «እኔ ዓይናቸውን ነው። መንገዱን የሚያውቅ ተሳፋሪ በመስኮት አያይም፤ ያንቀላፋል፣ ጋዜጣ ያነባል፣ ቦታው ሲደርስ ብድግ ይላል። የማያውቅ ግን አንገቱን ያሰግጋል፣ ማን ተነሳ ብሎ ያያል። የጠዋቶቹ አይጦች ሁሉ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።»

አለቃዬ ዞሮ ገንዳውን በመስታወቱ አየ። ከዚያ «እኔ ዓርብ ላይ ይህንን ብናገር ኖሮ ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ለጉባኤው አዘጋጆች ደወለ። ስንሰማው ያለው ይህንን ብቻ ነው፦ «አይ፣ አልታመምኩም። ሥራው ገና ስለሆነ ነው።»

እንደገና ጀመርን። ከሌሎቹ ሣጥኖች ገንዳውን አይተው የማያውቁ አዳዲስ አይጦችን አመጣን። ገንዳውን ዙሪያውን በጥቁር መጋረጃ ከለልነው፤ ሥዕሎቹን መጋረጃው ላይ ሰፋን። የሁለቱንም ወገን አይጦች አቀላቅለን፣ ጠዋትም ከሰዓትም አደረግናቸው። አክስቴ ከአራስ ቤት ተመልሳ ነበር፤ አባቴ ግን «ሥራ አለብኝ» እያለ በሳምንት አንድ ቀን መምጣቱን አልተወም። መጋረጃው የተሰቀለ ዕለት ተንበርክኮ አገጩን የገንዳው ጠርዝ ላይ አደረገና ከአይጥ ቁመት ሆኖ ዙሪያውን አየ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ተሰማን።

«ድንቡሼ» ብሎ ተጣራ።

«አቤት አባባ!» አለ ድንቡሼ ከመጋረጃው ጀርባ።

«አናትህ ይታያል።»

መጋረጃውን አንድ ክንድ ጨመርንበት።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። መድኃኒቱን የወሰዱት አይጦች ከጤነኞቹ ጋር አልተስተካከሉም፤ አጠገባቸውም አልደረሱ። ካልወሰዱት ግን ትንሽ ቀደም ብለው መቆሚያዋን ያገኛሉ። ጥቂት ሴኮንድ ናት። ደጋግመን ሠራናት፤ አልጠፋችም። አንጎላቸውን በማጉያ መነጽር ስናየውም አክስት በእርግጥ ጋብ ብላለች። አለቃዬ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየና «ትንሽ ናት» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ግን ማንንም አልተከተለችም» አለ። ይቺን ውጤት በሚቀጥለው ጉባኤ አቀረባት። ያንን ሱፍ ነበር የለበሰው፤ ወገቡ ላይ ትንሽ ጠብቦት ነበር።

ለቤት ሰዎች የነገርኳቸው እራት ላይ ነው። አክስቴ «ታዲያ ለወንድሜ መቼ ይሰጡታል?» አለችኝ። አሳጥሬ እውነቱን ነገርኳት፤ ለእሱ አይደርስም። ሰው ላይ ለመሞከር እንኳ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። አክስቴ አፏን ከፈተችና ዘጋችው። አባቴ ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን ሰጣትና «ይሁና፣ የሚደርሰው ይደርሰዋል» አለ። ከዚያ ኤክስፕረስ እንዴት እንደሆነች ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። ዋሸሁት፤ በሙከራው ደንብ መሠረት ከሞተች ሰንብታለች።

የባለ ቢጫ ጃንጥላዋ ነገር ብቻ ይቀረኝ ነበር። ሄጄ ልነግራት ወሰንኩ፤ አባቴ «አታዋርጂኝ» ቢለኝም፣ ከአሁን በኋላ ሰው ማወቅ እንዳለበት ስለገባኝ። በሯን አንኳኳሁ። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት ናት። ከመግቢያው በር ጀርባ ጃንጥላው ተንጠልጥሏል። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሕመሙን፣ አደባባዩን፣ ስምንቱን ወር። ስለ ጥርስ ሐኪሙ ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለችኝ። «ቤቱን ስለማያውቀው ነው የሚከተለኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኔ ደግሞ» አለችና ቁጭ አለች። «እኔ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ ይሄ ሰውዬ እንዴት ዓይን አፋር ነው እያልኩ! አዲስ ጫማ ገዝቻለሁ እኮ! ፍራፍሬ መሸጫው ጋ ስደርስ፣ ደርሶ ሰላም እንዲለኝ ብዬ ብርቱካን የምመርጥ መስዬ እቆማለሁ። እሱም ይቆማል! ስሄድ ይሄዳል! የጥርስ ሐኪሙ ጋ ሲገባማ፣ በቃ ዛሬ ሊናገር ነው ብዬ ልቤ ድቅ ድቅ ሲል፣ ሰውዬው ጥርሱን አስነቅሎ ወጣ!»

ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ እኔም አብሬያት። ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ጠረገችና ጠየቀችኝ፦ «ጋዜጣውን ያነበዋል?»

«ርዕሶቹን።»

«እንግዲያው ከጎኔ ይሂድ። ከኋላ የሚከተል ሰው አንገት ያደክማል።»

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል በራችንን አንኳኳች። አባቴ ኮፍያውን አጥቶ ቤቱን አተራመሰው፤ አክስቴ ከትራሱ ሥር አወጣችለት። ሲወጡ በመስኮት አየናቸው። እሱ በመንገዱ ዳር በኩል ሆነ፣ እሷ በውስጥ። መጀመሪያ ላይ አሁንም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይቀር ነበር፤ እሷ ቆማ ትጠብቀዋለች። ከሳምንት በኋላ እኩል ሆኑ። አክስቴ በመጀመሪያው ወር «ምን እያወሩ ነው?» እያለች ስትጨነቅ ከርማ፣ በሁለተኛው ወር አብራቸው መውጣት ጀመረች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያወራ አልተገኘም።

ሕመሙ አልቆመም። የጋዜጣው ርዕስም ቀረ፤ ጋዜጣውን ግን ይገዛል። ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን። ሦስቱም በጃንጥላው ሥር ተጠጋግተው ነበር፤ ያን ቀን እንኳ የእውነት ይዘንብ ነበር። አባቴ ኮፍያውን ነካ አድርጎ በጣም በትሕትና «እንደምን ዋሉ?» አለኝ። ሰው ለማያውቀው ሰው እንደሚለው።

መምህርቷ ክንዱን ያዝ አደረገችው። «ልጅህ እኮ ናት» አለችው ቀስ ብላ።

አየኝ። ኮፍያውን አስተካከለ። «አውቃለሁ» አለ። «እሷ ታስታውሰኝ እንደሆነ ልፈትናት ብዬ ነው።»

«አስታወስኩህ አባዬ» አልኩት።

«ጎበዝ» አለኝ።

አክስቴ ዝናቡ እስኪያባራ ቆመን እንጠብቅ ወይስ እንሂድ የሚል ክርክር ከራሷ ጋር ጀምራ ነበር። እኔ በአባቴ በሌላኛው ጎን ገባሁና እየረጠብን ሄድን።